ከሙምባይ እስከ ጃንጂራ፦ በኮንካን ባሕር ዳርቻ አራት ቀን ለመጓዝ ዝርዝር መመሪያ

ከሙምባይ ወደብ ማዶ፣ ከማንድዋ ተነስቶ በስተ ደቡብ እስከ ራጃፑሪ መንደር ያለው የኮንካን ጠረፍ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ አጭር መንገድ ላይ ባሕሩ ሲሸሽ በእግር የሚደረስበት የማራታዎች (የምዕራብ ህንድ ተዋጊ ሕዝብ) ምሽግ፣ የፖርቱጋሎች ከተማ ፍርስራሽ፣ የአይሁድ ምኩራብ፣ ረጃጅም አሸዋማ ዳርቻዎች፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ከሐበሻ ምድርና ከምሥራቅ አፍሪካ የሄዱ ሰዎች ከ300 ዓመት በላይ የገዙት የደሴት ምሽግ ጃንጂራ ይገኛል። ለሕክምና ወይም ለንግድ ሙምባይ የሚሄደው ወገናችን ብዙ ነው፤ ጃንጂራን አይቶ የሚመለሰው ግን ጥቂት ነው። አራት ቀን ቢተርፍዎ ለዚህ ጉዞ ይበቃል።

እዚህ ጠረፍ ላይ ጉዞን የሚያበላሸው ገንዘብ ወይም መንገድ አይደለም። የባሕሩን ሰዓት አለማወቅ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ባሕሩ የሚጎድልበትን ቀንና ሰዓት ይመልከቱ፤ ሆቴል የሚያዘው ከዚያ በኋላ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ሰዓቱ ደግሞ በእኛ አጠራር ይሁን እንጂ የህንድን ቀን የተከተለ ነው፤ ህንድ ከአዲስ አበባ በ2 ሰዓት ተኩል ትቀድማለች።

ወቅቱንና ቀኑን መምረጥ

የህንድ ዝናብ ከእኛ ክረምት ጋር ይገጥማል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ከግንቦት ማብቂያ ጀምሮ ሙምባይ ወደብ ዳር ከቆመው ታላቅ በር፣ ከጌትዌይ ኦፍ ኢንዲያ የሚነሱት ትናንሽ ፌሪዎች ሥራ ያቆማሉ፤ ወደ ጃንጂራ የሚወስዱት የሸራ ጀልባዎችም እንዲሁ። በዚያ ወቅት ጠረፉ አረንጓዴና ውብ ነው፤ ምሽጎቹን ግን የሚያዩት ከሩቅ ብቻ ነው። ጥሩው ጊዜ ከኅዳር አጋማሽ እስከ የካቲት መጨረሻ ነው። ከመጋቢት በኋላ ሙቀቱና ወበቁ ያይላል፤ እኩለ ቀን ላይ ጥላ በሌለው የምሽግ ግንብ ላይ መቆም ይከብዳል።

ከሳምንቱ ውስጥ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ያለውን ይምረጡ። ቅዳሜና እሁድ የሙምባይ ሕዝብ ባሕሩን ተሻግሮ የጠረፉን ዋና ከተማ አሊባግን ስለሚያጥለቀልቀው የመኝታ ዋጋ ይወጣል፤ የጃንጂራ ጀልባም ወረፋ ይይዛል። ከታኅሣሥ 16 እስከ 23 ያለው የፈረንጆች ገናና አዲስ ዓመት ሳምንት ከሁሉም የባሰ ነው። ሁለት ነገር ደግሞ ይያዙ፦ በሙምባይ ወደብ ውስጥ ያሉት የኤለፋንታ ዋሻዎች ሰኞ ዝግ ናቸው፤ የጃንጂራ ጉብኝት አርብ እኩለ ቀን ላይ ለጸሎት ስለሚቋረጥ አርብን ለሌላ ነገር ያድርጉት።

ከመነሳትዎ በፊት

ከኢትዮጵያ በቀጥታ የሚሄድ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግድ ያስፈልገዋል። ክትባቱ ህንድ ከመድረስዎ ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት። ካርዱ የሌለው ወይም 10 ቀን ያልሞላው መንገደኛ ሙምባይ ላይ እስከ 6 ቀን ተለይቶ እንዲቆይ ሊደረግ ይችላል፤ ያ ማለት ጉዞው አለቀ ማለት ነው። አንዴ የተወሰደ ክትባት ለዕድሜ ልክ ስለሚያገለግል የድሮ ካርድ ካለዎት በቂ ነው። ከፓስፖርቱ ጋር ያኑሩት፤ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይክተቱት።

መኝታ ሲይዙ “የውጭ ዜጋ ትቀበላላችሁ?” ብለው አስቀድመው ይጠይቁ። በህንድ ሕግ ማንኛውም ማረፊያ የውጭ ዜጋ ባሳደረ በ24 ሰዓት ውስጥ ፎርም ሲ የሚባለውን ምዝገባ ለመንግሥት መላክ አለበት። በሙሩድና በዲቬአጋር ያሉ ብዙ የቤተሰብ ማረፊያዎች ለዚህ አልተመዘገቡም። ገንዘብ ከፍለው በምሽት ሲደርሱ “አንችልም” የሚባሉት በዚህ ምክንያት እንጂ በክፋት አይደለም። የፓስፖርትዎንና የቪዛዎን ሦስት አራት ኮፒ ይዘው ይሂዱ።

የአካባቢው ሰው የሻይ ሒሳብ ሳይቀር በስልክ ይከፍላል። እንግዳ ግን ያንን መክፈያ በቀላሉ አያገኝም፤ የባንክ ካርድም ከሆቴል ውጭ ብዙ አይሠራም። ስለዚህ ባለ 10፣ 20፣ 50 እና 100 ሩፒ ኖቶች ሙምባይ ላይ ይዘርዝሩ። ኤቲኤም አሊባግና ሙሩድ ከተማ ውስጥ አለ፤ በመካከል ባሉት መንደሮች አይመኩ።

ጫማን በተመለከተ፦ ነጠላ ጫማ አይሁን። ከአሊባግ ወደ ኮላባ ምሽግ በእግር በሚኬድበት መንገድ ላይ ያለው ጭቃ መጥጦ ያስቀረዋል፤ ዓለቱ ላይ የተጣበቁት ትናንሽ ዛጎሎችም እንደ ምላጭ የሰሉ ናቸው። ተረከዝ ላይ ማሰሪያ ያለው፣ የጎማ ሶል ሳንዳል ይበጃል። ከዚያ ሌላ ስልክ የሚገባበት ውኃ የማያስገባ ከረጢት፣ ባርኔጣ፣ ለአንድ ሰው ለግማሽ ቀን 1.5 ሊትር ውኃ ይበቃል። ድሮን ቤት ይተዉት፤ ያለ ፈቃድ ማብረር ያስይዛል።

የባሕሩን ሰንጠረዥ ማንበብ

ጣና ወይም ላንጋኖ ላደገ ሰው ይህ አዲስ ነገር ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው። በዚህ ጠረፍ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ከሙላት እስከ ጉድለት ያለው ጊዜ 6 ሰዓት ከሩብ ያህል ነው። በየቀኑ ሰዓቱ በአማካይ 50 ደቂቃ ወደፊት ይገፋል። ዛሬ 2 ሰዓት ላይ የጎደለ ባሕር ነገ ወደ 3 ሰዓት ገደማ ይጎድላል ማለት ነው። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ፣ እንዲሁም ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ሦስት ቀናት፣ በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው ልዩነት 4 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ጨረቃ ግማሽ በምትሆንበት ሳምንት ግን ልዩነቱ ያንሳል፤ ባሕሩ “ጎደለ” ቢባልም ብዙ አይሸሽም።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ ስሌት ይወጣል። በሙምባይ አካባቢ ጨረቃ ሙሉ ወይም አዲስ በሆነችበት ቀን ባሕሩ የሚጎድለው ጎህ ሲቀድና ጀምበር ስትጠልቅ፣ 12 ሰዓት አካባቢ ነው። ያ ለጉብኝት አይመችም። ሦስት ወይም አራት ቀን ሲያልፍ ግን ጉድለቱ ከጠዋቱ 2 እስከ 3 ሰዓት ላይ ይውላል፤ ባሕሩም ገና በደንብ የሚሸሽበት ጊዜ ነው። ስለዚህ አሊባግ የሚደርሱበትን ቀን ከሙሉ ጨረቃ ወይም ከአዲስ ጨረቃ ሁለት ቀን በኋላ ያድርጉት፤ በማግስቱ ጠዋት የኮላባን ምሽግ በደረቅ እግር ያገኙታል።

ትክክለኛውን ሰዓት ከሰንጠረዥ ያረጋግጡ። አፖሎ ባንደር፣ ሙምባይ ተብሎ የሚወጣው ሰንጠረዥ ለአሊባግም ያገለግላል፤ ልዩነቱ የደቂቃዎች ነው። እዚህ ላይ ለእኛ ሰው አንድ አደጋ አለ። ሰንጠረዡ በ24 ሰዓት አቆጣጠር የተጻፈ ነው። 08:40 ማለት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ40፣ 14:50 ማለት ከቀኑ 8 ሰዓት ከ50 ነው። “8:40” የሚለውን አይቶ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ከ40 አድርጎ የያዘ ሰው የሚደርሰው ልክ ባሕሩ ሞልቶ ሲጨርስ ነው፤ 6 ሰዓት መሳሳት ማለት ጉድለትን በሙላት መለወጥ ነውና። ሰዓቱን ከሰንጠረዡ እንዳለ ወረቀት ላይ ይገልብጡ፣ አጠገቡ በእኛ ይጻፉ፣ ከዚያ ዳርቻው ላይ ያለ ዓሣ አጥማጅ ይጠይቁ። በማራቲ ሙላት “ባርቲ”፣ ጉድለት “ኦሆቲ” ይባላል። ጎልማሳውን “ዳዳ”፣ በዕድሜ የገፉትን ሴት “ማውሺ” ብለው ቢጠሩ በአክብሮት ይመልሱልዎታል። ከሰንጠረዡና ከዓሣ አጥማጁ የተለያየ መልስ ካገኙ ዓሣ አጥማጁን ይመኑ።

ባሕሩን መሻገር

ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ከጌትዌይ ኦፍ ኢንዲያ ወደ ማንድዋ የሚሄደው ፌሪ ነው፤ 1 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ከማንድዋ አሊባግ 20 ኪሎ ሜትር ነው፤ አንዳንዶቹ የፌሪ ድርጅቶች የአውቶቡሱን ሒሳብ ከቲኬቱ ጋር አብረው ስለሚያስከፍሉ ሲገዙ ይጠይቁ፤ ቲኬቱንም አይጣሉ፣ አውቶቡሱ ላይ ይጠየቃል። ሁለተኛው ባውቻ ዳካ ከሚባለው፣ በማዝጋዎን ካለው የመርከብ ማረፊያ የሚነሳው መኪና የሚጭን ትልቅ መርከብ ነው። ከ2020 ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን ወላጅ፣ ሕፃን ወይም ከሕክምና ያገገመ ሰው ላለበት ቤተሰብ ይህ ይሻላል፤ ብዙም አይናወጥም፣ መቀመጫውም የተመቸ ነው። ማዝጋዎን ራሱ የታሪካችን ቁራጭ አለበት፦ በ1689 እና 1690 ሲዲ ከሚባሉት ከአፍሪካ የሄዱ የጃንጂራ ገዥዎች አንዱ የሆነው ያቁት ኻን ሙምባይን ሲከብና እንግሊዞችን ምሽግ ውስጥ ሲዘጋ ሠራዊቱ የያዘው ይህን ሰፈር ነበር።

ጠዋት ይሻገሩ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ስለሚበረታ ትንሹ ፌሪ ላይ ያለ መንገደኛ ይረጠባል፤ ሆድ የሚያመውም ብዙ ነው።

የኮላባ ምሽግ

ኮላባ ከአሊባግ ዳርቻ ፊት ለፊት ባሕር ውስጥ የቆመ ነው፤ ስሙ ሙምባይ ውስጥ ካለው ኮላባ ሰፈር ጋር አንድ ስለሆነ ለሹፌር ሲናገሩ “አሊባግ ቢች” ይበሉ። የማራታ መንግሥት መሥራች ሺቫጂ በ1680 ሊሞት ሲል ያስጀመረው ሲሆን በኋላ እስከ 1729 የኖረው ታዋቂው የማራታ የባሕር አዛዥ ካንሆጂ አንግሬ ማዕከል ሆነ።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ባሕሩ ሙሉ በሙሉ ከሚጎድልበት ሰዓት 1 ሰዓት ከሩብ ቀድመው ከዳርቻው ይነሱ። ርቀቱ 1.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል። ውስጡን ለማየት 1 ሰዓት ይበቃል። የጉድለቱ ሰዓት እንዳለፈ 15 ደቂቃ ሳይሞላ መመለስ ይጀምሩ። ይህን ያህል ለምን እንጣደፋለን የሚል ካለ ምክንያቱ ይህ ነው፦ ባሕሩ እኩል እየጨመረ አይሞላም። በመጀመሪያው ሰዓት ከጠቅላላው ከፍታ አንድ አሥራ ሁለተኛው ብቻ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሦስት ሦስት እጅ ይጨምራል። ልዩነቱ 4 ሜትር በሆነበት ቀን በመጀመሪያው ሰዓት ወደ 33 ሳንቲ ሜትር፣ በሁለተኛው 67፣ በሦስተኛው 1 ሜትር ማለት ነው። የመጀመሪያው ሰዓት ዝግታ “ገና ነው” ያሰኛል፤ ሰው የሚያዘው እዚያ ላይ ነው። ውኃው ደግሞ ቀድሞ የሚሞላው ዝቅ ያለውን ቦይ ነው፤ ቦዩ ከኋላዎ ከሆነ እግርዎ ስር ያለው አሸዋ ደርቆ እያለ መመለሻዎ ተቆርጧል።

ጨረቃ ግማሽ በሆነችበት ሳምንት ከሄዱ ወይም ሰዓቱ ካለፈብዎ በፈረስ ጋሪ ወይም በጀልባ ይሂዱ። ጋሪዎቹ ጉልበት በሚደርስ ውኃ ውስጥ ይሻገራሉ። ዋጋውን ለመሄጃና ለመመለሻ አንድ ላይ ይነጋገሩ፤ ለመሄጃ ብቻ የተስማማ ሰው ሲመለስ ምርጫ የለውም። ተሻግረው ባሕሩ ከዘጋብዎ በራስዎ ለመሻገር አይሞክሩ፤ ምሽጉ ውስጥ ከፍ ብለው ይቀመጡና ጀልባ ያስጠሩ።

ውስጡ ሁለት ነገር እንዳያመልጥዎ። አንደኛው በሰሜኑ ግንብ ላይ በመንኮራኩር የቆሙት ሁለት የእንግሊዝ መድፎች ናቸው፤ ጎንበስ ብለው ቢያዩ ዮርክሻየር ውስጥ በነበረው በሎው ሙር የብረት ፋብሪካ እንደተሠሩ በብረቱ ላይ ተጽፏል። ሁለተኛው በጨው ባሕር መካከል ጣፋጭ ውኃ የሚሰጠው ጉድጓድ ነው። የባሕር ምሽግ ዕድሜ የሚለካው በመድፍ ሳይሆን በዚህ ጉድጓድ ነው፤ ጃንጂራም ሲደርሱ ይኸው ነገር ይገጥምዎታል። ለመግቢያ የውጭ ዜጋ የሚከፍለው ከአገሬው ከፍ ያለ ነው።

ከአሊባግ ሳይወጡ የአይሁዶችን ሰፈርና ማጌን አቦት የተባለውን ምኩራብ ይጠይቁ። ቤኔ እስራኤል የሚባሉት የህንድ አይሁዶች በትውፊታቸው መርከባቸው ተሰብሮ የተረፉት ሰባት ወንዶችና ሰባት ሴቶች ያረፉት በዚሁ ጠረፍ፣ ናቭጋዎን ላይ እንደሆነ ይናገራሉ፤ እዚያ መታሰቢያ ቆሟል። ዘይት ጨማቂዎች ስለነበሩና ቅዳሜ ስለማይሠሩ ጎረቤቶቻቸው “የቅዳሜ ዘይት ጨማቂዎች” ይሏቸው ነበር። በእስራኤል ለምትኖሩ ወገኖች ይህ ታሪክ ቅርብ ነው፤ ቤኔ እስራኤልም አይሁድነታቸው በራቢዎቹ ዘንድ በሙሉ እንዲታወቅ እስከ 1964 መታገል ነበረባቸው። ምኩራቡ የሚከፈተው ጠባቂው ሲገኝ ነው፤ ቅዳሜ ፎቶ አያንሱ።

ቻውል፣ ሬቭዳንዳና ኮርላይ

ለሁለተኛው ቀን ከአሊባግ እስከ ሙሩድ መኪና ከነሹፌሩ ይከራዩ። የመንግሥቱ አውቶቡስ አለ፣ ርካሽም ነው፤ ግን በየመካከሉ ለመውረድ ለሚፈልግ ሰው ቀኑን ይበላዋል። የሚቆሙባቸውን ቦታዎች፣ ቻውል፣ ሬቭዳንዳ፣ ኮርላይ መብራት ማማ፣ ካሺድ፣ ሙሩድ ብለው በወረቀት ጽፈው ለሹፌሩ ከመነሳታችሁ በፊት ያሳዩ። ክርክር የሚነሳው “ኮርላይ አልተባለም” በሚል ነው።

ቻውል ዛሬ የኮኮናትና የፉፈል ዛፍ የሞላበት ጸጥ ያለ መንደር ነው። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈ የባሕር ነጋዴዎች መመሪያ ግን ሴሚላ ብሎ ከወደቦቹ አንዱ አድርጎ ያነሳዋል። ያው ጽሑፍ የአክሱም መንግሥት ወደብ ስለነበረችው አዱሊስ ሲናገር ከህንድ ብረትና የጥጥ ጨርቅ ይገባባት እንደነበር ዘርዝሯል። ሬቭዳንዳ የፖርቱጋሎቹ ቻውል ነው፤ መንገዱ ራሱ የምሽጉን ቅጥር ሰንጥቆ ያልፋል። በውስጡ የፍራንሲስካን ገዳም የነበረው ረጅም ማማ ቆሟል። ባለ ሰባት ፎቅ ይባል እንጂ ላይኛው ፈርሷል፤ ሥሩ ድረስ አይጠጉ፣ ድንጋይ ይወርዳል። አትክልቶቹ የሰው ንብረት ስለሆኑ ከመግባትዎ በፊት ያስፈቅዱ። ማራታዎች አካባቢውን የያዙት በ1740 ነው።

ድልድዩን ተሻግሮ ኮርላይ ከወንዙ አፍ ላይ ወደ ባሕር በተዘረጋ ኮረብታ ላይ ነው። መኪናው እስከ መብራት ማማው ይደርሳል፤ ከዚያ ደረጃውን ለመውጣት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ነው። ላይ ሲደርሱ ምሽጉ ጠባብና ረጅም፣ ሁለቱም ጎኑ ባሕር ነው። ሥር ያለው የኮርላይ መንደር ካቶሊኮች ዛሬም ከፖርቱጋልኛ የወጣ የራሳቸው ቋንቋ ይናገራሉ፤ ተናጋሪዎቹ አንድ ሺህ እንኳ አይሞሉም። ሰላም ብለው ይለፉ፣ ሳያስፈቅዱ ካሜራ አያንሱ። 

ካሺድ ላይ መዋኘት

ከአሊባግ 30 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው ካሺድ የዚህ ጠረፍ ነጭ አሸዋ ነው፤ በየዓመቱ ሰው የሚወስድ ባሕርም ነው። ከላይ ሲያዩት የዋህ ይመስላል። የሚጎዳው ማዕበሉ ሳይሆን ወደ ዳርቻ የመጣው ውኃ ወደ ባሕር ሲመለስ የሚሄድበት ጠባብ ፈሳሽ ነው። ከመግባትዎ በፊት 10 ደቂቃ ቆመው ይመልከቱ፤ ማዕበሉ በግራና በቀኝ እየተሰበረ በመካከል ጠቆር ብሎ የተኛ፣ አረፋ ወደ ውስጥ የሚጓዝበት ቦታ ካለ ፈሳሹ እሱ ነው፤ ከእሱ ይራቁ። ጸጥ ስላለ ሰው የሚመርጠውም እሱን ነው፣ አደጋው ከዚህ ይመጣል። ባሕሩ እየጎደለ ባለበት ሰዓት አይግቡ፤ ከወገብ በላይ አይለፉ። ፈሳሹ ከወሰደዎ ወደ ዳርቻው አይታገሉ፤ ከዳርቻው ጎን ለጎን ይዋኙ፣ ፈሳሹ ጠባብ ስለሆነ ይለቅዎታል። መዋኘት የማይችል ሰው በጀርባው ተንሳፍፎ እጁን ያውለብልብ። የአደጋ ጊዜ ስልክ 112፣ የባሕር ጠባቂው 1554 ነው።

ሴቶች እዚህ የሚገቡት ቲሸርትና እስከ ጉልበት በሚደርስ ሱሪ ነው፤ ከዚያ ያነሰ ልብስ ዓይን ያበዛል። ጀምበር ስትጠልቅ ለማየት የሙሩድ ዳርቻ ይሻላል፤ ስለዚህ ካሺድን ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ለቀው ይሂዱ።

ጃንጂራ

ከሙሩድ ከተማ ራጃፑሪ 5 ኪሎ ሜትር ነው፤ በባጃጅ ይሄዳሉ፣ ዋጋው በስምምነት ነው። ከመጀመሪያዎቹ ጀልባዎች ጋር ለመሄድ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይገኙ። ጀልባው ሰው እስኪሞላ ይጠብቃል፤ ከተነሳ በኋላ እንደ ነፋሱ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይፈጃል።

ጀልባዎቹ ብዙውን ጊዜ የሚሰጡት 45 ደቂቃ ያህል ነው። ለእኛ ይህ አይበቃም። ቲኬት ከመቁረጥዎ በፊት “በሚቀጥለው ጀልባ እመለሳለሁ” ብለው ከኃላፊው ጋር ይስማሙ፤ ከተሳፈሩ በኋላ መጠየቅ አይሠራም። ሁለት ሰዓት ካገኙ ረጋ ብለው ያዩታል።

መውረጃው ላይ ሰው ይወድቃልና እንዲህ ያድርጉ፦

1. ቦርሳ ጀርባ ላይ፣ ስልክ ዚፕ ባለው ኪስ ውስጥ፤ ሁለቱም እጅ ባዶ ይሁን።
2. ጀልባው ሲጠጋ ሁሉም ይነሳል፤ እርስዎ ይቀመጡ። ተራው ሲደርስዎ ይነሱ።
3. ማዕበሉ ጀልባውን ወደ ላይ ሲያነሳው፣ ጫፍ ላይ ሲደርስ ይራመዱ። እየወረደ ሳለ የረገጠ ሰው እግሩ በጀልባውና በድንጋዩ መካከል ይገባል።
4. የጀልባውን ጠርዝ በጣትዎ አይያዙ፤ የጀልባኛውን ክንድ ይያዙ።
5. አረንጓዴውን ድንጋይ አይርገጡ፤ ነጣ ያለውንና ደረቁን ይምረጡ።

አሁን ወደ በሩ ቀና ብለው ይመልከቱ። ከባሕር ሲመጡ በሩ አይታይም፤ በክብ ማማዎቹ መካከል ተሸሽጎ ጀልባው ሊነካው ሲል ነው ብቅ የሚለው። ለጠላት መርከብ የት እንደሚተኮስ እንዳይታወቅ ታስቦ የተሠራ ነው። በበሩ ጎን ድንጋይ ላይ አንድ አውሬ ዝሆኖችን በጥፍሩ ጨብጦ ተቀርጿል። ብዙው ጎብኚ ወደ መድፉ ሲሮጥ ይህን ሳያይ ያልፋል።

ከበሩ በላይ ባለው ማማ ካላል ባንግዲ የሚባለው ግዙፍ መድፍ አለ። ክብደቱ ከ20 ቶን በላይ እንደሆነ ይነገራል። ከዚያ ቁልቁል ወደ ሁለቱ የጣፋጭ ውኃ ኩሬዎች፣ ቀጥሎ ከሲዲ ገዥዎች አንዱ ወደነበረው ወደ ሱሩል ኻን የፈረሰ ቤተ መንግሥት፣ ከዚያ ቅጥሩን ተከትለው ወደ ምዕራብ ይሂዱ። በምዕራብ በኩል ወደ ሰፊው ባሕር የምትከፈት ትንሽ በር አለች፤ ለክፉ ቀን መውጫ ናት። ከግንቡ ላይ በሰሜን ምዕራብ የሚታየው ሌላ ደሴት ምሽግ ፓድማዱርግ ነው፤ ማራታዎች ጃንጂራን ለመያዝ ብለው የሠሩት።

ምሽጉን ሺቫጂም፣ ልጁ ሳምባጂም አልያዙትም። ሳምባጂ በ1682 ከዳርቻው ድንጋይ እየሞላ እስከ ደሴቱ መንገድ ለመሥራት ሞክሮ ነበር። ያልተያዘበት ምክንያት እዚያው ቆመው ሲያዩት ግልጽ ነው፦ 12 ሜትር ያህል የሚሆነው ግንብ ከውኃው ቀጥ ብሎ ስለሚነሳ ጠላት እግሩን የሚያሳርፍበት መሬት የለም፤ ውስጡ የሚጠጣ ውኃ አለ፤ ሲዲዎቹም ስንቅ የሚያስገባ የራሳቸው የመርከብ ኃይል ነበራቸው። ግዛቱ “ሀብሳን” ይባል ነበር፤ የሐበሾች አገር ማለት ነው። እስከ 1948 ድረስ ቆይቶ ወደ ህንድ ተጠቃለለ።

አስጎብኚዎች የሚሉትን ሁሉ አይመዝግቡ። “ማሊክ አምባር በ1567 ሠራው” የሚለው ቃል በየጀልባው ይደጋገማል። ማሊክ አምባር በ1548 ገደማ በኢትዮጵያ ተወልዶ፣ በባርነት ከእጅ ወደ እጅ ተሸጦ፣ ደካን በሚባለው የህንድ ደጋ የአሕመድናጋርን መንግሥት እስከ መምራት የደረሰ ታላቅ ሰው ነው፤ በ1626 አርፏል። በ1567 ግን ገና የ19 ዓመት ወጣት ነበር፣ ሥልጣንም አልነበረውም። ከባሕር በታች እስከ ራጃፑሪ ይሄዳል የሚባለው ዋሻም አፈ ታሪክ ነው። የእውነተኛው ታሪክ ክብር ጭማሪ አይፈልግም። የማሊክ አምባር መቃብር ያለው ኩልዳባድ በምትባል ሌላ ከተማ ነው፤ ለእሱ ሌላ ጉዞ ያዘጋጁ።

ከጀልባው ሲወርዱ ወደ ሙሩድ አይቸኩሉ። በባጃጅ ጥቂት ደቂቃ ሄደው ኮክሪ ላይ ሦስት ጉልላት ያላቸው የድንጋይ መቃብሮች ያገኛሉ። ትልቁ የሲዲ ሱሩል ኻን፣ ሌሎቹ የያቁት ኻንና የኻይሪያት ኻን ናቸው። የድንጋዩ ወንፊት ሥራ በቅርብ ሲታይ የአናጢ እጅ እንጂ የድንጋይ ጠራቢ አይመስልም። ሰው አይበዛበትም። ጫማ አውልቀው ይግቡ፣ መቃብሩ ላይ አይደገፉ። ሙሩድ መግቢያ ላይ ያለው የናዋቡ (የጃንጂራ ገዥ ማዕረግ) ቤተ መንግሥት ግን የግል መኖሪያ ነው፤ ከመንገድ ላይ ብቻ ይታያል።

ምግብና ጾም

የኮንካን ገበታ ዓሣ፣ ኮኮናትና ሩዝ ነው። ሱርማይ የሚባለውን ዓሣ ተጠብሶ፣ ሶልካዲ የሚባለውን ከኮኮናት ወተትና ከኮኩም ፍሬ የሚሠራ መጠጥ አብረው ይዘዙ፤ ከሙቀት ያበርዳል። የሚጾም ሰው “ቬጅ” ማለቱ ብቻ አይበቃውም፤ የህንድ ቬጅ ሥጋና ዓሣ የለውም እንጂ ቅቤ፣ እርጎና አይብ ይገባበታል። “ቱፕ ናኮ፣ ዳሂ ናኮ፣ ዱድ ናኮ” ይበሉ፤ ቅቤ፣ እርጎ፣ ወተት አልፈልግም ማለት ነው። ቂጣው ላይ የሚቀባውን ቅቤ ለየብቻ ያስታውሱ፤ ሳይጠየቅ የሚቀባው እሱ ነው።

ከዲጊ ወዲያ

አራተኛ ቀን ካለዎት ከአጋርዳንዳ መኪና በሚጭነው ፌሪ ወደ ዲጊ ይሻገሩ፤ አጭር ነው። በዲቬአጋርና በሽሪቫርዳን ረጃጅም ጸጥ ያሉ ዳርቻዎች አሉ። ሃሪሃሬሽዋር ላይ ከቤተ መቅደሱ ጀርባ ዓለቱን የሚዞረው መንገድ ውብ ነው፤ ባሕሩ ሲሞላ ግን ማዕበል ሰው ጠርጎ የወሰደበት ቦታ ስለሆነ በጉድለት ሰዓት ብቻ ይዙሩት፣ ጀርባዎን ለባሕሩ አይስጡ። የባሕር ኤሊ ጫጩቶች ከአሸዋ ወጥተው ወደ ባሕር ሲገቡ ለማየት የሚመጣ ሰው ከዚያ ወዲያ ወንዙን በፌሪ ተሻግሮ ቬላስ ይሄዳል፤ ወቅቱ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ነው።

መመለሻው በማንድዋ መሆን የለበትም። ከሽሪቫርዳን በኩል በመኪና ወደ ማንጋዎን ወጥቶ በኮንካን ባቡር ሙምባይ መግባት ይቻላል። ቲኬቱን ከሙምባይ ሳይነሱ ይቁረጡ፤ ያለ ቦታ ቁጥር የሚሸጠው ቲኬት ሻንጣ ለያዘ ሰው አይሆንም። በረራዎ በዚያው ማታ ከሆነ ግን አይድፈሩት፤ አንድ ሌሊት ሙምባይ ያድሩ።